ከዶካ ወዲያ ያለው ጭቃ

ይህን ታሪክ ሳወራ ሰዎች እንባ ይጠብቃሉ። እኔ ግን ያን ሰሞን ባስታወስሁ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣብኝ ብስጭት ነው። የሚቀድመኝን ነገር ነውና ከእሱው ልጀምር።

ያኔ ካርቱም ውስጥ ዳቦ ቤት እሠራ ነበር። አገሬ አርማጭሆ ነው። ከመሰደዴ በፊት ሁመራ ሰሊጥ እርሻ ላይ ትራክተር እነዳ ነበር። በኋላ ጊዜው ከፍቶ ጓደኞቼ አንድ ባንድ ሲታሰሩ፣ እኔም እንደምፈለግ ሹክ ቢሉኝ ወሰን ተሻገርሁ። ባለቤቴን ዘውዲቱን አራስ ትቻት ነው የወጣሁት። ለሕፃኗ አዝመራ የሚል ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ በዚያ ዓመት ማሽላው አምሮ ነበር። «ትንሽ ቦታ ልያዝ እንጂ አስመጣችኋለሁ» ብያት ነበር። ቦታ ሳልይዝ ዓመታት ሄዱ።

ከዚያ ራቡ መጣ። ካርቱም የሚደርሰን ወሬ ሁሉ የሞት ሆነ። ዘውዲቱም ከነልጇ መንገድ ላይ አለቀች አሉኝ። ያገሬ ልጆች ለቅሶ ተቀመጡልኝ፤ እርሜን አወጣሁ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ያገሬ ሰው ሥራ ፍለጋ ካርቱም መጥቶ ዳቦ ሊገዛ ከእኛ ደጅ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ዳቦውን ሳይቀበል ቀረ።

«ሞላ አይደለህም? ልጅህ እዚያ እያለች አንተ እዚህ ዳቦ ትጋግራለህ?»

«የምን ልጅ?»

«አዝመራ ናታ! ኡም ራኩባ፣ ከገዳሪፍ ወዲያ ካለው ከስደተኛው ሰፈር ናት።»

ወደ ጓሮ ወሰድሁትና ነገሩን ከሥሩ ጠየቅሁት። ዘውዲቱ እውነትም መንገድ ላይ ሞታለች። ልጅቱን ግን ባየህና እንጉዳይ የሚባሉ ባልና ሚስት አንስተዋታል። እነሱም የራሳቸውን ልጆች በዚያው መንገድ ቀብረዋል። አሁን ስደተኛው ሁሉ ዘር ሊዘራ ወደ አገሩ ሊመለስ እያሰበ ነው።

«ዝናብ ጠብ ሲል እንነሳለን ይላሉ» አለኝ። «አንዴ ወሰን ከተሻገሩ ደግሞ አንተ አታገኛትም።»

«ለምን አላገኛትም?»

«አገር ቤት ትገባለህ አንተ?»

ብገባ ከእስር ቤት በቀር የሚቀበለኝ አልነበረም።

የዳቦ ቤቱ ጌታ ደግ ሰው ነበር። አማቹ ከአየር ማረፊያው ይሠራ ስለነበር ወደ ገዳሪፍ በምትበር ትንሽ አውሮፕላን ላይ ወንበር አስለመነልኝ። ልብሴን ቋጥሬ ማልጄ ሄድሁ። የደረስሁ ዕለት ሀቡብ ተነሳ፤ ያ ሰማይ የሚያክል የአቧራ ግድግዳ ማለቴ ነው። ቀኑ ጨለመ፤ አውሮፕላን ቀርቶ ወፍ የሚበር አልነበረም። ከመስኮቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ጥርሱን እየፋቀ «ቡክራ» አለኝ፤ ነገ ማለቱ ነው። በነጋታውም ሄድሁ፤ ቡክራ። አቧራው ሲረግብ ደግሞ የአውሮፕላን ነዳጅ የለም ተባለ። መቼ ይመጣል? ቡክራ። ነገ የሚባለውን ቃል እንደዚያን ሰሞን ጠልቼው አላውቅም። ወደ አውቶብስ መናኸሪያ ሮጥሁ፤ አውቶብሶቹም በነዳጅ እጦት ተደርድረው ቆመዋል።

ከአየር ማረፊያው ግድግዳ ሥር እንደኔው የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሐጂ ኑሩ ይባላሉ። ጭልጋ ተወልደው ገዳሪፍ ከከተሙ ብዙ ዘመናቸው ነው፤ ሰሊጥ ይነግዳሉ፣ ዶካ አጠገብም እርሻ አላቸው። አማርኛዬን ሰምተው ጠሩኝ።

«መኪና መንዳት ታውቃለህ አንተ ልጅ?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ዓይኔ ደክሟል፣ መንዳት ትቻለሁ። ግን ከዘመድ ቤት ያስቀመጥሁት አንድ በርሜል ቤንዚን አለኝ። መኪና እንከራይ። ማፊ ሙሽኪላ።»

ችግር የለም ማለታቸው ነው። ይህችን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት እግዜር ይቁጠረው።

የተከራየናት መኪና ቦክስ የሚሏት ዓይነት አሮጌ ፒካፕ ነበረች። ባለቤቱ ገዳሪፍ ስትደርሱ ለወንድሜ አስረክቡ ብሎ ሰጠን። የቀኙ በር በገመድ ነው የሚታሰረው። በርሜሉን ከኋላ ጭነን ስንወጣ ነገ ማታ ልጄን አቅፌ አድራለሁ ብዬ ነበር።

ሐጂን ግን አላወቅኋቸውም ነበር። መንገድ ዳር ራኩባ ባየን ቁጥር፣ ያው የሳር ዳስ፣ «ቁም» ይላሉ። ከባለ ዳሱ ጋር ሰላምታው ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። እሱ ደኅና ነው? ልጆቹስ? ግመሎቹስ? የሞተችው ላም ጥጃስ? እኔ መሪውን ጨብጬ እቃጠላለሁ። «ሐጂ፣ አይመሽብንም?» ስላቸው «ማፊ ሙሽኪላ፣ መንገዱ የትም አይሄድ» ይላሉ። ስለ ልጄ አልነገርኋቸውም። እርም ያወጣሁላትን ልጅ ሳላያት በአፌ ብጠራት ተመልሳ የምትሞት ይመስለኝ ነበር።

ዋድ መደኒ ስንቃረብ ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ ተስሪህ ጠየቀኝ፤ የመንገድ ፈቃድ። እኔ ያለኝ የካርቱም መኖሪያ ወረቀት ብቻ ነው። «ውረድ» አለኝ። ከጠራራ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው ጫማዬን አስወለቁኝ። ሐጂ ደግሞ ከኬላው ሹም ዳስ ገብተው ሻይ ይጠጣሉ! ሳቃቸው ይሰማኛል። አንድ ብርጭቆ፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ስለ ሰሊጥ ወሬ። ጥላው ከወዲያ ወዲህ ሲዞር እኔ እዚያው ነኝ። እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሊመሽ ሲል ወጡና «ተነሣ፣ አስነሣት» አሉኝ፤ ደግሞ ሌላ ምንም አላሉ።

ያን ለት መደኒ አደርን። በማግስቱ ከተማውን ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫውም ተላጭቶ ያለቀ ነው። ክሪኩ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ ሐጂ ከጥላ ሥር ሆነው «ማፊ ሙሽኪላ» ቢሉኝ የያዝሁትን ብረት ወረወርሁት።

«ችግር አለ!» አልኋቸው። «ላንቱ ባይኖር ለኔ አለ! እኔ ፀሐይ ላይ ስጠበስ አንቱ ሻይ ሲጠጡ ዋሉ!»



«ሻዩን የጠጣሁት ላንተ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ያ ሹም ወደ ካርቱም መልሶ ሊያሳስርህ ነበር። ይህ ሰው ቢጠፋ እኔን እሰሩኝ፣ ሾፌሬ ነው ብዬ ዋስ የሆንሁህ በስንተኛው ብርጭቆ እንደሆነ አላውቅም። ሰው በአንድ ብርጭቆ እሺ አይልም፤ ይህ አገር እንዲያ ነው። አሁን ንገረኝ፤ ሲያባርርህ የመጣው ምንድን ነው?»

ከመንገዱ ዳር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስጨርስ አቧራቸውን አራግፈው ተነሡ።

«ይህን ከካርቱም ልትነግረኝ አትችልም ነበር?»

«ምን ያደርጉልኝ ነበር?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ቢያንስ ግመሎቹን ሁሉ አልጠይቅም ነበር።»

ከዚያ በኋላ የትም ዳስ አላስቆሙኝም። ለሰላትም ሲወርዱ ሞተሩን አታጥፋው እያሉኝ ነበር።

ገዳሪፍ ስንገባ ከሰዓት በኋላ ነው። ገበያው መሐል ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ አየሁት። ከዚያ ያ የደረቀ አፈር የመጀመሪያውን ጠብታ ሲቀምስ የሚሰጠው ሽታ መጣ። ሰው ሁሉ ከሱቁ ወጣ። ነጋዴው፣ ኩሊው፣ አህያ ነጂው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ያመሰግናል። ሐጂም መዳፋቸውን ዘርግተው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ስንት ዓመት ጠፍቶ ሰው ያለቀበት ዝናብ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ዝናቡን የሚረግም እኔ ብቻ ነበርሁ። «ዝናብ ጠብ ሲል እንነሳለን ይላሉ» ያለኝ ያገሬ ሰው ድምፅ በጆሮዬ ይጮህ ነበር።

የመኪናው ባለቤት ወንድም ደግሞ ከደጁ ቆሞ ሲጠብቀን ደረስን። ቁልፉን ካላመጣችሁ አለ። ወደ ዶካ እንሂድባት ብንለው በዝናብ ጥቁር አፈር ላይ መኪና የሚነዳ ዕብድ ነው አለን። እውነቱን ነበር። ሐጂ አንዴ ሲቆጡ፣ አንዴ ሲለምኑ፣ አንዴ የሟች አባቱን ስም ሲጠሩ አመሹ። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቀንዱን እንደያዙት በሬ እቁነጠነጣለሁ። በመጨረሻ ሐጂ «መኪናዋ ብትሰበር ዕዳው የኔ ነው፣ በቃ» ሲሉት እጁን አራግፎ «ውሰዷት» ብሎን ገባ።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ኡም ራኩባ ድረስ እየተንሸራተትንም ቢሆን ደረስን። ጎጆዎቹን እየዞርሁ ባየህንና እንጉዳይን ጠየቅሁ። አንዲት ሴትዮ በጣቷ አሳየችኝ። ገብቼ አየሁ፤ ባዶ ነው። የምድጃው አመድ እርጥብ ነው። መሬቱ ላይ ልጅ የተጫወተችበት የጠጠር ክብ አለ።

«ትናንት ነው የወጡት» አለችኝ ሴትዮዋ። «ዝናቡ ገና ሳይጠና ሎሪ መጣና ወደ ወሰኑ፣ ወደ ገላባት ሄዱ። ምናቸው ነህ?»

«ምናቸውም አይደለሁ» አልኋት። እውነትም ምናቸውም አልነበርሁም።

መሪው ላይ ግንባሬን ደፍቼ ሳለሁ ሐጂ ትከሻዬን ነኩኝ።

«ሎሪም እንደኛው በጎማ ነው የሚሄድ» አሉኝ። «ንዳ።»

ዶካን አለፍን። ከዶካ ወዲያ መንገድ የሚባል የለም፤ እርሻና ጥቁር አፈር ነው። ያ አፈር ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ አለው፣ ሲረጥብ ደግሞ እንደ ሊጥ ይይዛል። ጥቂት እንደሄድን ዝናቡ ተመለሰ። መኪናዋ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዋለለችና እስከ ሆዷ ገባች። ጋዝ ብሰጥ ትሰምጣለች። ብቆፍር ጭቃው ተመልሶ ይሞላል። ወርጄ ጎማውን በእግሬ ረገጥሁ፤ ሰደብኋት፤ የተከራየንበትን ቀን ረገምሁ።

«እኔ መኪናዋን እጠብቃለሁ» አሉኝ ሐጂ። «አንተ በእግርህ ሂድ። ጭቃው እግር አይዝም።»

እግርም ይይዛል። አንዱን ጫማ ወዲያው ወሰደብኝ፤ ሌላውን አውልቄ ጣልሁት። በእያንዳንዱ እርምጃ ግማሽ አገር ከእግሬ ጋር እያነሣሁ ሄድሁ። ስንት እንደሄድሁ አላውቅም። አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስደርስ ከፊቴ አንድ ሎሪ ወደ ጎኑ ዘንበል ብሎ ቆሞ አየሁ። እስከ ግማሽ ጎማው ሰምጧል። ከደረቅ ጉብታ ላይ ሴቶችና ልጆች ሸራ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ይቆፍራሉ። እኔን የያዘኝ ጭቃ እነሱንም ይዟቸው ነበር።

«ባየህ የሚባል ሰው አለ?» ብዬ ተጣራሁ።

እስከ ጭኑ ጭቃ የለበሰ ከሲታ ሰው ቀና አለ። «እኔ ነኝ። ማን ልበል?»

«ሞላ ነኝ። የአዝመራ አባት።»

አካፋው ከእጁ ወደቀ። እጁን ጭኑ ላይ ቢጠርግ ጭኑም ጭቃ ነው። በመጨረሻ የክንዱን ጫፍ ዘርግቶ ሰላም አለኝ።

«ካርቱም አለ ብላን ነበር እናቷ» አለኝ። «ሰው ልከንብህ ነበር። ያገኘህ የለም።» ከዚያ ወደ ጉብታው መራኝ።

እንጉዳይ አጭር፣ ፊቷ የጠቆረ ሴት ናት። ከጀርባዋ አንዲት ልጅ ተለጥፋለች። ዓይኗን ሳይ ዘውዲቱን አየኋት። እንጉዳይ ባሏንና እኔን አፈራርቃ አየችና ማንም ሳይነግራት ገባት።

«አዝመራ፣ ነይ። አባትሽ መጥቷል» አለቻት።

ልጅቱ እኔን አላየችኝም። በጣቷ ባየህን አሳየች። «አባዬ ያውና» አለች።

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ልቤ ራራ ብላችሁ ደስ ባለኝ። አልራራም። ያ ሁሉ ቡክራ፣ ያ ሁሉ ሻይ፣ ያ ሁሉ ጭቃ በአንዴ መጣብኝ።

«ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁ» አልሁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም።

«ልጅህ ናት። አይደለችም ያለህ የለም» አለችኝ እንጉዳይ። «ከጉያዬ ነጥቀህ ግን አትወስዳትም።»

«አልነጥቅም።»

«እንግዲያ ቁጭ በል። እርጥብ ነህ።»

ሌላ የምሄድበት አልነበረኝምና ተቀመጥሁ። ሎሪው ያን ለት አልወጣም፣ በማግስቱም አልወጣም። ከሰፈሩ የተሰጣቸውን ማሽላ ቆልተው አበሉኝ። እንጉዳይ የዘውዲቱን ነገር ሳልጠይቃት ነገረችኝ፦ በየትኛው ወንዝ ዳር እንደደከመች፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደተቀበረች፣ ገላዋን ማን እንዳጠበ። ያጠበቻት እሷው ናት። «የልጅቱን ስም አባቷ ነው ያወጣው፣ እንዳትቀይሩባት ብላ ለመነችኝ» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው አንገቴን የደፋሁት።

ባየህን ለብቻው አገኘሁትና «እዚሁ ቅሩ» ብዬ ለመንሁት። ከወገቡ ላይ የታሰረ ቋጠሮ አሳየኝ።

«ዘር ነው» አለኝ። «ልጆቼን ስቀብር እንኳ አልበላሁትም። ዘንድሮ ካልዘራሁ መሬቴ ጦም ያድራል፤ ሌላ ሰው ይገባበታል። አንተ ና ከኛ ጋር።»

«እኔ ከገባሁ ያስሩኛል።»

«እንግዲያ ምን ላድርግህ?»

ሁለታችንም እውነት ይዘን ተፋጠጥን። የዚያን ያህል የሚያበሳጭ ነገር አላውቅም። ሌላው ሰው ክፉ ቢሆን እኮ ይቀል ነበር።

ነገሩን የቆረጠችው እንጉዳይ ናት። ሰማዩ ጠርቶ ወንዶቹ ሎሪውን ገፍተው ሲያወጡ፣ ሰው ሁሉ ሲሳፈር፣ እሷ ጓዟን ከሎሪው አወረደች።

«አንተ ሂድና ዝራ» አለችው ባሏን። «እኔ ከልጄ ጋር እቀራለሁ። ስታጭድ ትመጣለህ።»

«ከማያውቁት ሰው ጋር? በሰው አገር?»

«የአባቷን እጅ ሳትለምድ የትም አልወስዳትም። ሁለት ልጅ ቀብሬ ሦስተኛዋን በሙግት አላጣም።»

ባየህ ብዙ ጮኸ። ከዚያ ልጅቱን አንሥቶ ጉንጯን ሳማትና ወጣ። እኔን ዞር ብሎም አላየኝ። ሎሪው ሲሄድ አዝመራ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ሁለቱን ይዤ ስመለስ፣ እዚያው እያደሩ ለጠበቁኝ ሐጂ አንድ ገበሬ መኪናዋን በትራክተር ሲጎትትላቸው ደረስሁ። እንጉዳይን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፣ ጭቃ የለበሰ እግሬን አዩ።

«ከኔ እርሻ ላይ ለትራክተሬ ሾፌር ያስፈልገኛል» አሉኝ። «ጎጆም አለ። ሴትዮዋና ልጇ ባንዱ፣ አንተ በሌላው።»

ማፊ ሙሽኪላ አላሉኝም። ችግር እንዳለ ያውቁ ነበር።

ካርቱም አልተመለስሁም። ሕይወቴን ያ ጭቃ ቀየረው ብል አልዋሽም። ልጄን ላመጣት የሄድሁት፣ ሰው ጥሎት የመጣውን ዕቃ ሊያነሣ እንደሚሄድ ነበር፤ ሳልዘገይ ብደርስ፣ መንገዱ ቢቀና፣ አውሮፕላኑ ቢበር፣ ከእንጉዳይ እጅ ተቀብያት በዚያው ቀን እመለስ ነበር። ማን እንዳሳደጋት፣ እናቷ የት እንዳረፈች ሳልሰማ። እናንተም መንገድ ሲዘጋባችሁ ይህን አስታውሱ ልላችሁ ይቃጣኛል፤ ግን እኔ ራሴ ዛሬም መኪና ሲዘገይ እሳደባለሁ። ብስጭት በአንድ ጉዞ አይወጣም።

በዚያ ክረምት አዝመራ እኔን «ሾፌሩ» ነበር የምትለኝ። ትራክተሩ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ትስቃለች፤ ስትወርድ ግን ወደ እንጉዳይ ትሮጣለች። ያመኝ ነበር። አላመመኝም ብል ማን ያምነኛል?

ሰሊጡ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጎጆው ደጅ ትራክተሩን ስጠርግ ከወሰኑ በኩል አንድ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ሲመጣ አየሁ። ልጅቱ ቀድማኝ አየችው። «አባዬ!» ብላ በአጠገቤ አልፋ በረረች። እኔ ጨርቄን ይዤ ቆምሁ። ባየህ ጆንያውን ጣለና አነሣት፤ አቅፏት ወደኔ መጣ። ከስቶ ነበር፣ ግን ፊቱ በርቷል።

ሰላም ሳይለኝ በፊት ወደ ልጅቱ ዞረ።

«አባትሽን ጥለሽው ሮጥሽ?» አላት። «ነይ፣ አብረን ሰላም እንበለው።»

ከዚያ ከክንዱ አውርዶ በእጆቼ ላይ አስቀመጣት። ትንሽ ተንፈራገጠች፣ ባየህን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ አንገቴን ያዘች።